ልጆች ይዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ፦ ድልድዩ ድረስ ይበቃል

እህቴ፣ «ሦስት ልጆች አሉን፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። የደብረ ሊባኖስን ገደል በእግር አይተን በአንድ ቀን አዲስ አበባ ለመመለስ ይከብደናል ወይ?» ብለሻል። አይከብዳችሁም። የሚከብደው ገደሉ ውስጥ እንውረድ ካላችሁ ነው። ሲወርዱት ይቀላል፣ ሲመለሱ ግን አቀበቱን ልጅ አዝሎ የሚወጣው አባት ነው። ተዉት።

እኛ ቤተሰብ ይዘን የምንሄደው እስከ ፖርቹጋል ድልድይ ነው። ከከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሱሉልታና በጫንጮ አድርጋችሁ፣ ፍቼ ሳትደርሱ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ፈልጋችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ይህን ሳያጣሩ ልጅ ይዞ መውጣት አይሆንም።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ለምን መሰለሽ፣ ለጭላዳዎቹ ነው። ሌሊቱን የሚያድሩት ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል እርከን ላይ ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ አፋፉ ይወጡና ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። የእኔ ልጆች እንደ በግ ሣር የሚበላ ዝንጀሮ አለ ስላቸው አላመኑኝም ነበር። በዱር ያሉት ደግሞ እኛ አገር ብቻ ነው። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ገላ ልጆቹ «ቆስሎ ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ተፈጥሯቸው ነው። ሙዝም ዳቦም እንዳትሰጧቸው። አንዴ ከለመዱ የሚቀጥለውን ሰው ቦርሳ ይቀማሉ።

ድልድዩ ጋ መኪና አቁሞ በእግር መውረዱ አጭር ነው፣ የ5 ዓመት ልጅ በራሷ ትሄደዋለች። ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ፖርቹጋሎች የሠሩት አይደለም። የሚጠቀሰው የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዳሠሩት ነው። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ሄዶ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ አባይ ይሄዳል። ትልቁ ልጅሽ ጂኦግራፊ የሚወድ ከሆነ እዚያ ቁጭ አድርጊውና ግድግዳውን አሳዪው። ላይ ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ወንዙ እሱን በስቶ ነው ሥሩ ያለውን የቆየውን የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ያወጣው። እኛ ብዙውን ሰዓት የምናሳልፈው እዚህ ነው፤ ቆሎና ዳቦ ይዘን፣ ጥንብ አንሳው ከእኛ በታች ሲንሳፈፍ እያየን። ወፍን ከላይ ሆኖ ማየት ለልጅ ሌላ ነገር ነው።

አጥር የለም። አንድ ትልቅ ሰው አንድ ልጅ ይያዝ። ሦስት ልጅ ካላችሁ አጎት ወይም አክስት ጨምሩ። ለገደሉ ጀርባ ሰጥቶ ሰልፊ የሚባል ነገር ደግሞ ይቅር፣ በእውነት!

ጊዜው? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ያኔ ውሃውም አለ፣ ሣሩም ለምለም ነው። በሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። በግንቦት ውሃው ይቀጥናል። ወር በገባ በ24 ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ፣ በተለይ ጥርና ነሐሴ 24 ሕዝቡ ብዙ ነው። ለመሳለም ካልሆነ ሌላ ቀን ምረጡ።

ገዳሙን ከድልድዩ በኋላ እዩት። ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ ያዢ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች ልጆቹን ዝም ያሰኟቸዋል። ግንቦት 1929 ጣሊያን እዚያ መነኮሳቱንና ምእመናኑን መፍጀቱን ለትልልቆቹ ንገሯቸው፣ ለትንሿ ግን ገና ነው።

ዝርዝር ብር ለመግቢያና ለአስጎብኚ ልጆች ያዙ። ከ10 ሰዓት በፊት ተመለሱ፤ ስትመለሱ ሰላሌ ላይ እርጎ ግዙ፣ ግን ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።