ሣሩ የማን ነው? ወደ ደረቁ ወረዳዎች ለምትሄዱ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በተፈጥሮ ሀብት ወይም በግብርና ኤክስቴንሽን ተመርቃችሁ ዝናብ አጠር ወደሆኑት ወረዳዎች ስትመደቡ የመጀመሪያው አቀባበል የዕቅድ ቅጽ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እርከን፣ ስንት ክትር፣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ችግኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በታወጀበት አገር ከቁጥር ማምለጥ አይቻልም፤ ቅጹን ሙሉና አስረክቡ። ዕድሜዬን በዋግና በሰሜን ወሎ ተረተሮች ላይ የፈጀሁ ጡረተኛ እንደመሆኔ ግን ቅጹ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ በአደራ ልሰጣችሁ እፈልጋለሁ። የተራቆተ ተራራ ሥር ስትደርሱ፣ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት፣ «እዚህ የሚበቅለውን ሣር ማን ሊወስደው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ፣ ከ1977ቱ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ፣ በወሎ፣ በትግራይና በሐረርጌ እህል ለሥራ እየተከፈለ ስፍር ቁጥር የሌለው እርከን ተሠርቷል፤ ተራሮች ተከልለዋል፤ ደን ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከዚያ ደን ብዙው ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። የቆረጠው ከሌላ አገር የመጣ ሰው አልነበረም፤ የተከለው ገበሬ ራሱ ነው። ዛፉ የመንግሥት ነው ሲባል ከርሞ መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አጣ።

በምዕራብ አፍሪካዊቷ ኒጀርም እንዲሁ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ከወጣው የደን ሕግ የተነሣ በገበሬው ማሳ ላይ የበቀለ ዛፍ የመንግሥት ይባል ስለነበር፣ ገበሬው ቡቃያውን ገና ብቅ ሲል ይመነጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማራዲ አካባቢ ገበሬዎች የጠበቁትን ዛፍ የራሳቸው አድርገው መቁጠር ሲጀምሩ፣ ውሎ አድሮ በአገሪቱ አምስት ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን የእርሻ መሬት ዛፍ ለበሰ። ችግኝ ጣቢያ እንኳን አላስፈለጋቸውም፤ የተጠቀሙበት ከመሬት በታች በሕይወት የቆየውን ጉቶ ነው።

ይህን እዚሁ አገራችን ማየት የሚፈልግ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ይሂድ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተጠቃሚነት መብት ተሰጥቶበት አገግሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ዛፍ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ክፍያ በሚያስገኘው የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዝግቦም ለማኅበራቱ ገቢ አስገኝቷል። ዘዴው ማንም የሚችለው ነው። ከአንድ ጉቶ ዙሪያ ሃያም ሠላሳም ቡቃያ ይወጣል። ወፈርና ቀጥ ያሉትን ሦስት ወይም አራት ትመርጣላችሁ፤ የቀረውን በስለታም መሣሪያ፣ ልጡ እንዳይላጥ ከታች ወደ ላይ ትቆርጣላችሁ፤ ከተመረጡትም ላይ የታችኛውን ቅርንጫፍ ታነሳላችሁ። የተቆረጠው ማገዶ ይሆናል። በዓመቱ ተመልሳችሁ ትደግሙታላችሁ። ለዚህ ሥራ በጀት የሚያስጠይቅ ነገር እምብዛም የለም፤ ችላ የተባለውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አሁን ወደ ፍየሏ ልምጣ። ከእኛ ሙያ ፍየልን የማይረግም ሰው አላጋጠመኝም። ይሁንና በደረቅ ወረዳ በፍየል የሚኖረው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ በሬ የሌላት፣ ባል የሞተባት ወይም የተለያት ሴት ናት። ልጅ ሲታመም የምትሸጠው፣ መስከረም ሲጠባ ደብተር የምትገዛበት ባንኳ ፍየሏ ናት። «ተራራው ከዛሬ ጀምሮ ተከልሏል፤ ልቅ ግጦሽ ክልክል ነው» ሲባል በሬ ያለው ገለባ አለው፤ የማሳው ድንበርም ሣር ያበቅልለታል። እሷ ምንም የላትም። ሲመሽ ፍየሎቿን ታሾልካለች፣ በጥበቃ ትያዛለች፣ ትቀጣለች፤ በስብሰባ ላይም የልማት ጠንቅ ተብላ ስሟ ይነሣል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት ታቅፋ ለዚያው እርከን ድንጋይ ስትሸከም የከረመችው ግን እሷው ናት። በድሃ ጉልበት የለመለመ ተራራ የባለ ብዙ ከብት መቀለቢያ ሲሆን አይቻለሁ። በሪፖርቱ ላይ ሥራው «ውጤታማ» ተብሎ ነበር።

በዋግ አንድ ጎጥ ያየሁት አሠራር ደግሞ ሌላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሣሩ እየታጨደ እንጂ በግጦሽ እንዳይወሰድ ወሰኑ፤ ድርሻውንም በከብት ብዛት ሳይሆን በአባወራና በእማወራ ቁጥር ከፋፍለው ዕጣ አወጡ። ከብት የሌላቸው ሴቶች ድርሻቸውን ለባለ በሬዎች ሰጡ፤ እነሱም በለውጡ ማሳቸውን አረሱላቸው። ከዚያ በፊት እነዚህ ሴቶች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የምርቱን ግማሽ ያጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ውል ከእኛ መሥሪያ ቤት ማንም አላሰበውም። ፍየሎቹም አልጠፉም፤ ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ቅጠልና ሣር እየታጨደላቸው ደጅ ታስረው ዋሉ፤ ሴቶቹም ጥበቃውን ከማንም በላይ የሚከታተሉ ሆኑ።

አፈርን ስለሚያድስ ግብርና በክፍል ተምራችኋል፤ አልደግመውም። ቅደም ተከተሉ ግን ይዘነጋል። ገበሬውን «ብስባሽ አዘጋጅ» ብትሉት በምን ያዘጋጀው? ገለባው ለከብት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ለምድጃ ሄዷል፤ ውኃው ከሩቅ በጀርባ ተጭኖ ይመጣል። ከተራራው ሣርና ማገዶ መገኘት ሲጀምር ግን ከብቱ ታስሮ ይቀለባል፣ ፍጉ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ ለምድጃ የሚሄደው ኩበት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ማሳው የሚመለስለት ነገር ያገኛል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ጥቂት መንደሮች ያስጀመሩት የብስባሽ ሥራ፣ በሚገባ የተዘጋጀ ብስባሽ ከፋብሪካ ማዳበሪያ የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደርም በድርቅና በመሬት መራቆት የተነሣ ሕዝቡ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ነዋሪው ተራራውን ከልሎ፣ እርከንና ክትር ሠርቶ የጉድጓድ ውኃ ማውጣት ቻለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኩዌተር ሽልማት አገኘ። ውኃው ከታች የተገኘው ከላይ ሣሩ ስለተጠበቀ ነው።

እንግዲህ ሥራችሁን በስብሰባ ጀምሩ፤ ስብሰባውንም ግንቦት ላይ ጥሩት። ነሐሴ መጨረሻ ሣሩ ከጉልበት ካለፈ በኋላ ስለ ክፍፍል መነጋገር ጠብ መጥራት ነው፤ ያኔ ድምፁ ከፍ ያለው ይወስደዋል። የነዋሪ ዝርዝር ሲሰጣችሁ ከመሬት ግብር መዝገብ የተቀዳ እንዳይሆን እዩ፤ መሬት አልባ ወጣቶች እዚያ ላይ አይገኙም። ለእነሱ ከተራራው ወገብ በላይ የንብ ቀፎ የሚያኖሩበት ቦታ በስማቸው ይጻፍ። የቅጣት ገንዘብ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚውል በዚያው ቀን ይወሰን። ቃለ ጉባኤውን አስፈርማችሁ አንዱን ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ አስቀምጡ፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር ይጠፋል።