6,000 ፎቶ ላላት እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ አብሮኝ አደረ። "ለዓመታት ስዞር ያነሳኋቸው 6,000 ፎቶዎች ስልክና ፍላሽ ላይ ተበትነዋል። ለሰው ማካፈል እወዳለሁ፤ ግን ሰው ሦስት አራቱን አይቶ ይሰለቻል፤ ምን ላድርግ?" ነው ያልሽው። እኔ የሐዋሳ ሰው ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳ እየጫንኩ ደቡቡን፣ ባሌን፣ ስምጥ ሸለቆውን ስመላለስ ኖሬያለሁ። ካሜራ ከመኪናዬ ጠፍቶ አያውቅም። አንቺ ያልሽው ነገር በደንብ ደርሶብኛል።

በፊልም ነው የጀመርኩት። አንድ ፊልም 36 ፍሬ ነው። ለማሳጠቡም ይከፈላል፣ ስለዚህ አንዷን ከማንሳቴ በፊት ሁለቴ አስብ ነበር። ከፎቶ ቤት ስቀበል ጀርባው ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የሰዎቹን ስም በእርሳስ እጽፋለሁ። (በእስክርቢቶ እንዳትጽፊ፣ ቀለሙ ቆይቶ ወደ ፊት ይወጣል።) ዲጂታል ሲመጣ ግን በአንድ ቀን 400 ማንሳት ጀመርኩ። ዛሬ ከፊልሞቹ እያንዳንዷን የት እንዳነሳኋት እነግርሻለሁ። ከዲጂታሎቹ ግን "ይሄ የቱ ተራራ ነበር?" የምላቸው መቶዎች ናቸው።

አንድ እሁድ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰክቼ ማሳየት ጀመርኩ። ሰነቲ፣ ጫሞ፣ ላንጋኖ፣ ደመና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ። አቦል ሳያልቅ ሰው የራሱን ወሬ ይዟል። በጣም ከፋኝ። ያን ሁሉ መንገድ ስነዳ፣ ብርዱን ስጠብቅ ያነሳኋቸው ናቸው እኮ።

ከዚያ የጨንቻው መጣ። ዶርዜ መንደር፣ አንዲት ሴትዮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው። እናቴ "ቆይ ቆይ፣ እኚህ ማናቸው?" አለች። ስማቸውን ነገርኳት። በ2001 ዓ.ም. አንስቻቸው፣ በ2008 ዓ.ም. ስመለስ እዚያው በር ላይ እንደገና እንዳነሳኋቸው፣ የመጀመሪያውን ፎቶ አሳጥቤ ወስጄ ስሰጣቸው ነጠላቸው ውስጥ እንደሸሸጉት አወራኋት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋት።

ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ ጎረቤታችን ተነሱ። ሸማኔ ናቸው፣ ተወልደው ያደጉት ዶርዜ ነው። ቲቪው ድረስ ሄደው ጣታቸውን አሳረፉና "ቤቱ አጥሯል" አሉ።

እኔ ሁለቱን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ! አላየሁትም ነበር። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ነው የሚሠራው። ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል፣ ከበሩ በላይ እንደ ዓይን የሆኑ ሁለት ክፍተቶች አሉት። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በየጊዜው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። በ2001ዱ ፎቶ ላይ የቤቱ ዓይኖች ከሴትዮዋ ሻሽ በጣም ከፍ ብለው ይታያሉ። በ2008ቱ ላይ አንድ ክንድ ያህል ወርደዋል። ጎረቤታችን ስለ አባታቸው ቤት ቀጠሉ፣ ቤቱን ተሸክመው ያዞሩበትን ቀን፣ የተዘፈነውን፣ የተበላውን። በሁለት ፎቶ ላይ በረካም አለፈ። ሌሎቹን 200 ፎቶዎች ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳካፍል "እዩልኝ" ብዬ ሳይሆን "ምን ታዩበታላችሁ?" ብዬ ነው። እኔ ያነሳሁትን ነገር እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። አንቺም ጀማሪ ብትሆኚ ባለሙያ ይሄ ነገር አይለወጥም።

ስለዚህ ከአንድ ጉዞ 10 ወይ 15 ምረጪ፣ በቃ። ሰው ያለበትን አስቀድሚ፣ ሰዎቹንም አስፈቅጂ። የመልክዓ ምድር ፎቶ ደግሞ ብቻውን ከሚቆም ከዓመታት በኋላ ከተነሳ ጓደኛው ጋር ሲሆን ይናገራል። እኔ የአቢጃታ ሐይቅ ሁለት አለኝ። በ1999 ዓ.ም. ከቆምኩበት ውኃው ቅርብ ነው፣ ፍላሚንጎዎቹም በግልጽ ይታያሉ። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሜ ሳነሳ ከፊቴ ያለው ነጭ ደረቅ መሬት ነው፣ ሐይቁ ሩቅ መስመር ሆኗል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ለሶዳ አሽም (ከሐይቁ ውኃ ለሚወጣው የፋብሪካ ጨው) ውኃው እየተቀዳ ነው እንዲህ የሸሸው። የሰፈር ልጆችን ሁለቱን ሳሳያቸው ያነሱት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ "ወፎቹስ የት ሄዱ?" ነው ያሉኝ።

አደራ የምልሽ ቀኑን ነው። ካሜራና ስልክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመዘግቡት። እኔ ፎልደሮቼን አንዴ በእኛ፣ አንዴ በእነሱ ስሰይም ከረምኩ። "2008" የሚል ፎልደር አለኝ፣ የእኛ 2008 ይሁን የእነሱ ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። ልዩነቱ እኮ ሰባት ስምንት ዓመት ነው! የጨንቻዎቹን ያዳነኝ ጀርባቸው ላይ የነበረው የእርሳስ ጽሑፍ ነው። ካሜራዬን በእኛ ሰዓት ሞልቼው የነበረ ጊዜም ንጋቱና ምሽቱ ተደበላልቆብኛል። አንዱን ምረጪና እሱን ብቻ ያዢ። ከፎልደሩ ስም ላይ የእኛ ከሆነ "ዓ.ም."፣ የእነሱ ከሆነ "እ.ኤ.አ." የምትለዋን አትርሺ።

ፎቶዎቹን አንድ ቦታ ብቻ እንዳታስቀምጪ። የሶፍ ዑመር ዋሻ ፎቶዎቼ በሙሉ አንድ ስልክ ላይ ነበሩ። ስልኩ ሲበላሽ ጥገና ቤት ሰጠሁ። ሳይጠይቁኝ ፎርማት አድርገው (ያለውን ሁሉ አጥፍተው) ሠርተው መለሱልኝ። አለቀስኩ ብልሽ አላጋነንኩም። አሁን አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ የሥጋ እህቴ ጋ አዳማ ነው ያለው። በቴሌግራም ስትልኪም እንደ ፎቶ አትላኪ፣ እንደ ፋይል ላኪ፤ አለበለዚያ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንስብሻል።

ለመጀመር 6,000ውን አንድ ላይ አትንኪ። ዛሬ ማታ አንድ ጉዞ ብቻ ክፈቺ። አምስት ፎቶ አውጪና እያንዳንዱ ሥር ሦስት መስመር ጻፊ፤ የት እንደሆነ፣ ማን እንደነበረ፣ ከማንሳትሽ በፊት ምን እንደተባለ። የተባለውን በተለይ። ከዚያ አሳጥቢያቸው። በአልበም ሲሆን ሰው እጁ ላይ ይዞ ይቆያል። ስልክ ላይ ግን በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ ከፎቶዎችሽ ውስጥ የዶርዜ ካለ እባክሽ ላኪልኝ። እኔ ከ2008 ወዲህ ወደ ጨንቻ አልወጣሁም። ያ ቤት የት ድረስ እንደወረደ ጎረቤታችን ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።