«ወሎዬ ሆኜ እንግዳ መቀበል አቃተኝ» ላልሽኝ

አንዲት የሆቴልና ቱሪዝም ተማሪ ለልምምድ ከተመደበችበት ላሊበላ ጽፋልኛለች። «ገና ሲቃረብ ሆቴሉ ሞላ። ጠዋት አልጋ አነጥፋለሁ፣ ማታ አስተናግዳለሁ። እንግዳ ሲቆጣኝ ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አለቅሳለሁ። ወሎዬ ሆኜ እንዴት እንግዳ መቀበል ያቅተኛል? ሙያው አይሆነኝም መሰለኝ» ትላለች።

እህቴ፣ አብሽሪ። ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈያለሽ፤ ከአቦል እስከ በረካ ትቀጃለሽ። እንግዳው መርቆሽ ይወጣል። ያ ምርቃት ድካምሽን ያወርደዋል። ሆቴል ውስጥ መራቂ የለም። ሙቅ ውሃ ሲጠፋ ቁጣው የሚወርደው ፊት ለፊት ባለሽው ባንቺ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ፈገግ ማለት አለብሽ። ውስጥሽ ሌላ ፊትሽ ሌላ ሆኖ መዋል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አልጋ ከማንጠፍ በላይ ያደክማል። የምታለቅሺው ይህን ሥራ ማንም ሥራ ብሎ ስላልቆጠረልሽ ይመስለኛል።

ሰዓቱስ? ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ «ቤዛ ኩሉ» የሚባለው የገና ዝማሬ እስኪዘመር ድረስ ላሊበላ ላይ ሁሉም እንደሚሯሯጥ አውቃለሁ። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ እንኳ መደበኛውን ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አያሳልፈውም። አንቺ ደግሞ የሄድሽው ልትማሪ ነው። ለአንድ ሳምንት የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ጻፊ። ከዚያ ሱፐርቫይዘርሽን ግርግር በሌለበት ሰዓት አነጋግሪ። «ደከመኝ» ብቻ አትበይ፤ እዚያ ቤት ያልደከመው የለም። «ይህን ያህል ሰዓት ሠርቻለሁ፤ በአንድ ፈረቃ ብቻ ልመደብ፣ ሪሴፕሽንም ልለማመድ» በይ። እምቢ ከተባልሽ ወረቀቱን ለዩኒቨርሲቲ አማካሪሽ ላኪ።

ምናልባት ያልነገርሽኝ ነገር ካለ፣ እንግዳም ይሁን አለቃ በእጁ ወይም በቃሉ የሚዳፈርሽ ካለ፣ ያ የሥራ ጫና አይደለም። ጥቃት ነው። ነጥብ ይቀንሱብኛል ብለሽ እንዳትሸከሚው። የዚያኑ ቀን ለአማካሪሽና ለምታምኚው ሰው ተናገሪ።

ለቅሶው፣ እንቅልፍ ማጣትም ካለ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም አነጋግሪ፤ እሱም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው።

ሙያውን ስለመተው አሁን አትወስኚ። ቦታ መቀየርና ሙያ መቀየር ለየቅል ናቸው። በዓሉ ይለፍ፤ ሁለት ሦስት ሌሊት በደንብ ተኚ። ከዚያ የሰዓቱን ወረቀት ይዘሽ እንደገና ጻፊልኝ።