350ን ወደ 383 ስለማሳደግ ለጠየቅኸው ወንድሜ

የአሮጌ ሼቭሮሌ ፒክአፕህን 350 ሞተር በትንሽ ገንዘብ ወደ 383 ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል (ቁጥሮቹ የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ናቸው)። ይቻላል። እኔ እዚሁ አሜሪካ በቤቴ ጋራዥ ሠርቼዋለሁ። ገንዘብህን የሚበላው ግን ሁሉም የሚፈራው ክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሳይሆን ቶርኖ ቤቱ ነው።

1. የ400 ሞተር አሮጌ ክራንክ ሻፍት ፍለጋ አትንከራተት። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የሚያርፍበት ዋናው መቀመጫው 2.65 ኢንች ስለሆነ ለ350 ብሎክ ወደ 2.45 መሞረድ አለበት። ለ350 ተብሎ የተሠራ፣ 3.75 ኢንች የፒስተን ጉዞ ያለው አዲስ ይሸጣል፤ እሱን ግዛ።

2. ከቶርኖ ቤት ጋር የተስማማኸውን ሁሉ፣ ልኩን ጭምር፣ በጽሑፍ ያዝ። የእኔን ብሎክ ለክተው «ሲሊንደሮቹን ወደ 4.030 ኢንች ብናሰፋ ይበቃል» አሉኝ። በዚያ ልክ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዘው ክንድ) እና ክራንክ ሻፍት አንድ ላይ ገዛሁ። ብሎኩን ተረክቤ አንዱን ፒስተን ያለ ፋሻ በእጄ ባስገባው ሲሊንደሩ ውስጥ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ለካሁት፤ 4.060! ስደውል «አንዱ ሲሊንደር ጭረት ስለነበረበት ሁሉንም ጨመር አደረግናቸው» አሉኝ። ለምን አልነገራችሁኝም ብል «ሥራ በዝቶብን ነው» ብለው ዘጉት። በአካል ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ደረሰኙ ላይ «ሲሊንደር ማስፋት» እንጂ ልክ አልተጻፈም አለኝ። ደረሰኙን የጻፉት ራሳቸው ናቸው!

ጉዳቱ በፒስተን ብቻ አላበቃም። ክራንክ ሻፍቱ ሚዛኑ የተስተካከለው በመጀመሪያዎቹ ፒስተኖች ክብደት ነበር፤ ፒስተኑ ሲቀየር እሱም እንደገና ሚዛን ላይ መውጣት ነበረበት። ለዚህ ሌላ ቶርኖ ቤት አገኘሁ። ሽማግሌው ባለሙያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ልክ ብሎኩ ላይ በጠመኔ ጽፈው አሳዩኝ፤ የፊት ፑሊውንና ቮላኖውንም (ከክራንክ ሻፍቱ ኋላ የሚታሰረውን ከባድ ጎማ) ሳልጠይቃቸው እንዳመጣ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘህ ዋጋ አትከራከር። የእኔው ሞተር 388 ሆኖ ቀረ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሆን ብዬ ነው እላለሁ።

3. ማስፋቱን ለባለሙያ ተው፤ ብሎኩን ለመሞረድ ግን ለማንም አትክፈል። ክራንክ ሻፍቱ ረጅም ስለሚጓዝ የቢየላ ቡሎኖች ከሲሊንደሩ ሥር ብሎኩን፣ ከላይ ደግሞ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ሊነኩ ይችላሉ። ሁሉንም ገጣጥመህ በእጅህ ቀስ ብለህ እያዞርክ እያንዳንዱን ቢየላ ተመልከት፤ ቢያንስ 0.050 ኢንች ክፍተት ይኑረው። ብሎኩን እኔው በእጅ መሞረጃ ሞረድኩት፤ እስካሁን አንድም ነገር አልነካም። ይህ ሁሉ ብሎኩ ለመጨረሻ ጊዜ ከመታጠቡ በፊት መሆን አለበት፤ የብረት ብናኝ ብሮንዚናውን (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ስስ ኩሽኔታ) ይጨርሰዋል።

ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከ1996 እስከ 2000 ከተሠሩ የጭነት መኪናዎች ቮርቴክ የሚባለውን ከአሮጌ መኪና መፍቻ ግቢ ፈልግ፤ መሰንጠቁን ግን አስመርምር። ማቃጠያ ክፍሉ 64 ሲሲ ስለሆነ ጠፍጣፋ ፒስተን ብታስገባበት የመጨመቅ መጠኑ 10 ለ1ን አልፎ መደበኛውን ቤንዚን አይችልም። መሐሉ ጎድጎድ ያለውን ፒስተን ውሰድ። የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱም የራሱ ነው፤ የድሮው አይገጥምለትም።

የመኪናህን የምርት ዓመት ጻፍልኝ። ከ1986 ገደማ ወዲህ ያለ ብሎክ ከሆነ የኋላው ዘይት መከላከያ ጎማ ዓይነቱ ስለሚለይ ክራንክ ሻፍቱም ሌላ ነው፤ ሳትነግረኝ እንዳታዝዝ።