በዶኪንግ የተለያየ ኬሚስትሪ መገኘቱን እንዴት ላሳይ ላልሽው

እህቴ፣ በካላዛር ተውሳክ ፕሮቲን ላይ በቪና ሶፍትዌር ዶክ አድርገሽ (ሞለኪውሎቹ ከፕሮቲኑ ጋር እንዴት እንደሚገጥሙ በኮምፒውተር ገምተሽ ነጥብ ሰጥተሽ) ኤዩሲው፣ ማለትም የሚሠሩትን ሞለኪውሎች ከማይሠሩት የመለየት ብቃቱ መለኪያ፣ ጥሩ ወጥቶልሻል፤ አማካሪሽ ግን «የተለያየ ኬሚስትሪ ማግኘቱን በቁጥር አሳዪኝ» አለሽ። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሆኜ ያለፍኩበት ስለሆነ ስለ ሶፍትዌሩ አጫጫን አላደክምሽም።

1. ሞለኪውል ሳይሆን ቤተሰብ ቁጠሪ። ከ5,000 ሞለኪውል 50ው አክቲቭ (በፕሮቲኑ ላይ የሚሠራ) ነው እንበል። በ12 ስካፎልድ (የሞለኪውል ዋና አጽም፤ አንድ አጽም ያላቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው) ይከፈላሉ፤ 30ዎቹ ግን የአንዱ ስካፎልድ ልጆች ናቸው። በዶኪንግ ነጥብ ከላይኛው 1 በመቶ (50 ሞለኪውል) ውስጥ 20 አክቲቭ ከተገኘ ኢንሪችመንቱ፣ ማለትም በዕጣ ከማንሳት የሚሻልበት እጥፍ፣ 40 ነው፣ እልል ያስብላል። ሃያዎቹም ከትልቁ ቤተሰብ ከሆኑ ግን ያገኘሽው ከ12 አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አክቲቭ በቤተሰቡ ቁጥር የተካፈለ ክብደት ስጪ፤ ከ30ው አንዱ 1/30 ይይዛል። ከ12 ቤተሰብ የተገኘው ክብደት 20/30 ብቻ ስለሚሆን ያ 40 ወደ 5.6 ይወርዳል። አትደንግጪ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቅርቢ።

2. በአርዲኪት (የኬሚስትሪ ሶፍትዌር) የቤሚስ-መርኮ ስካፎልድ፣ ማለትም ቀለበቶቹንና የሚያገናኛቸውን ብቻ ያስቀረ አጽም፣ ስታወጪ ቀለበት የሌለው ሞለኪውል ሁሉ ባዶ ይመልስልሻል። ዝም ካልሽው የማይዛመዱት ሁሉ አንድ ቤተሰብ ሆነው ይቆጠራሉ። በተቃራኒው ቤንዚኑ በፒሪዲን የተተካ ወንድማቸው እንደ ባዳ ይታያል። ለማመሳከር በሞርጋን ፊንገርፕሪንት (የሞለኪውሉን ቁርጥራጮች የሚመዘግብ አሻራ) እና በታኒሞቶ (የሁለት አሻራ መመሳሰል መለኪያ) ክላስተር አድርጊ፣ ማለትም የሚመሳሰሉትን በቡድን መድቢ። ፈታኝ «ከየት አመጣሽው?» ካለሽ፣ በ2012 የወጣው ዱድ-ኢ የተባለው የዶኪንግ መፈተኛ ስብስብም በ102 ዒላማ ፕሮቲኖቹ ላይ አክቲቮቹን በዚሁ በቤሚስ-መርኮ ስካፎልድ እንደመደበ ንገሪው።

3. ዶኪንጉን የምታስኬጂበት ኮምፒውተር። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ሰርቨር እንዲፈቅዱልኝ የሄድኩበት ቢሮ (ስሙ ይቅር) ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መድኃኒት ከሆነ ላብራቶሪ ሂድ» አለኝ። ደብዳቤ አጽፌ ስመለስ ደግሞ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ! ትቼው ወጣሁና መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት የሚቀጥል ስክሪፕት በራሴ ላፕቶፕ ላይ ጻፍኩ። ውጤቱን ሞለኪውል በሞለኪውል ፋይል ላይ ያሰፍራል፤ ሲነሳ ያለቁትን ይዘላል። አሁን ከእኔ በኋላ የመጡት ተማሪዎች በሱ ነው የሚሠሩት። ከዚያው ቢሮም ሰው ልከው አስጠይቀውኛል፤ ሰጠኋቸው፣ ማኅተም ግን አልጠየቅኩም።

ለአንቺም እልክልሻለሁ፤ የአክቲቮችሽን ዝርዝርና የምትሠሪበትን ፕሮቲን እዚሁ ጻፊልኝ። አክቲቮቹ ከአንድ ጽሑፍ ብቻ የተለቀሙ ከሆኑ ግን መጀመሪያ ሌላ ምንጭ ጨምሪ፤ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይዘሽ የምትለኪው ልዩነት የለም።