ባትሪ ያላት ቀላል ሳይክል ደንገጎን ታወጣኛለች?

ጥያቄ፦ ከዘመዴ ላይ የአስፋልት ሳይክል ልገዛ ነው። ፔዳሉን ስመታ ሞተሯ ያግዘኛል። ክብደቷ 13 ኪሎ፣ ባትሪዋ 250 ዋት ሰዓት ነው። ከድሬ ሐረር ታደርሰኛለች? ሙቀቱስ አይጎዳትም? (አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከከዚራ)

መልስ፦ ታደርስሃለች ወንድሜ፣ ግን እግርህም መሥራት አለበት። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንተና ሳይክሏ አንድ ላይ 90 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 245 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይፈልጋል፣ ይህም ባትሪህ የሚይዘውን ጉልበት ሁሉ ማለት ይቻላል፤ ከባትሪው ከሚወጣው ላይ ደግሞ የተወሰነው በሙቀት መልክ ይባክናል። ስለዚህ ከከተማው እስክትወጣ ሞተሩን አጥፋው። ዳገቱ ሲጀምር ዝቅተኛውን እገዛ ክፈት። መሀል መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅ እንኳን 13 ኪሎ በእግር ይነዳል፣ እኔ ቀላሏን የምወዳት ለዚህ ነው። 25 ኪሎ የምትመዝነዋን ባትሪ ጨርሳ ደንገጎ ላይ እየገፋህ አስባት!

ሙቀቱ እውነትም ይጎዳል። ሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ከፀሐይ እንደገባህ ቻርጅ አታድርጋት፣ ጥላ ውስጥ ትብረድና ማታ ሰካት። የእንዲህ ዓይነት ሳይክሎች ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ፍሬሙ ውስጥ ስለሆነ ነቅለህ መግባት አትችልም፣ ሳይክሏን ራሷን ቤት አስገባት። ለሳምንታት የማትነዳት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ገደማ አድርገህ አቁማት።

ከመግዛትህ በፊት ቻርጀሯ አብሮ መኖሩን እይ። ፍሬኗንም በደንብ አስፈትሽ፣ ከሐረር ስትመለስ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።