የመጠጥ ቤት ጭስና የአስተናጋጁ ሳንባ፦ ማራገቢያ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ሲጋራ በሚጨስበት መጠጥ ቤት በአስተናጋጅነት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ያስለኛል፤ ደረቴም ሲር ሲር ይላል። ራጅ ተነስቼ ምንም የለብህም ተብያለሁ። ቤት ውስጥ ማጨስ ይከልከል የሚል ሐሳብ ሲነሳ አሠሪዬ «ደንበኛ ይሸሻል፤ ማራገቢያ አለ፤ አጫሾችም ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት» ይላል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ማራገቢያ ጭሱን ከአንዱ ጠረጴዛ አንስቶ ለሌላው ያዳርሳል እንጂ አያጠፋውም። የአየር ማጽጃ መሣሪያም ቢሆን ከደቃቁ ብናኝ የተወሰነውን ይይዝ ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ግን ያሳልፈዋል። ለአጫሾች ጥግ መለየቱ ደግሞ አየሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ትርጉም የለውም። ሽታው ቀነሰ ማለት ጭሱ ቀነሰ ማለትም አይደለም፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

በክፍሉ ውስጥ የሚንሳፈፈው ጭስ አብዛኛው አጫሹ ስቦ የሚያወጣው ሳይሆን ሲጋራው መተርኮሻ ላይ ተቀምጦ ሲጤስ የሚለቀው ነው። ይህ ጭስ በሲጋራው ማጣሪያ አያልፍም፤ ሲጋራው ሳይሳብ የሚቃጠለውም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ብዙ መርዝ ሳይቃጠል ይተርፋል።

ክልከላውን የሚቃወሙ «ያልተመቸው አይግባ» ይላሉ። ደንበኛው ሊወጣ ይችላል፤ እርስዎ ግን ፈረቃዎ እስኪያልቅ እዚያው ነዎት። ስለዚህ ክርክሩ መመዘን ያለበት በሠራተኛው ሳንባ ነው። አየርላንድ በመጋቢት 2004 (እ.ኤ.አ.)፣ ስኮትላንድ ደግሞ በመጋቢት 2006 ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከሉ። በስኮትላንድ በመጠጥ ቤት ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ወይም እንደ ዓይንና ጉሮሮ መቆጥቆጥ ያለ ምልክት የነበረባቸው ከክልከላው በፊት 79 በመቶ ነበሩ፤ ከአንድ ወር በኋላ 53 በመቶ ሆኑ።

ወደ እርስዎ እንመለስ። ራጅ ደህና መሆኑ አስም የለብዎትም ማለት አይደለም፤ አስም በራጅ አይታይም። የሚያስፈልግዎ ስፒሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከመሳብዎ በፊትና ከሳቡ በኋላ ይለካል። ሳልዎ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአክታ ምርመራም ይጠይቁ፤ ሁሉንም በጭስ ማሳበብ የሳንባ ነቀርሳን ያስረሳል።

እስከዚያው ፒክ ፍሎው ሜትር (እፍ ሲሉበት የትንፋሽን ፍጥነት የሚለካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ) ካገኙ የሥራ ቀናትንም የእረፍት ቀናትንም ጨምረው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በቀን አራት ጊዜ ይለኩ። ጠቋሚውን ዜሮ ላይ ይመልሱ፤ ቆመው በረጅሙ አየር ያስገቡ፤ አፍዎን በመሣሪያው ዙሪያ አጥብቀው ይግጠሙና ባለ በሌለ ኃይልዎ በአንዴ እፍ ይበሉ። ሦስት ጊዜ ይደጋግሙና ከፍተኛውን ይመዝግቡ እንጂ አማካዩን አይውሰዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣቱ ጠቋሚውን ሲይዘው ወይም አየር በከንፈሩ ጎን ሲያመልጥ ነው። በሥራ ቀን የሚወርድ፣ በእረፍት ቀን የሚያንሰራራ ቁጥር ለሐኪምዎ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የቀዶ ሕክምና ማስክ ጋዙን ስለማያስቀር አይተማመኑበት። ከቤት ውጭ ወዳለው መስተንግዶ መዛወር ከተቻለ ይሻላል፤ አጫሾቹ በሩ ሥር ከቆሙ ግን ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ሕመም ወይም ንግግር የሚያቋርጥ የትንፋሽ እጥረት ካጋጠመዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።